ያውቁ ኖሯል? ከአራዳ ሱቆች እስከ ነፋስ መውጫ ጎዳና

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚገባው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሠሩት ቻይናውያን ናቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1971 ቤጂንግን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ የተጀመረው ትብብር ፍሬ ነው፤ ሥራው ያለቀው ግን በደርግ ዘመን ነበር። ነፋስ መውጫ ላይ ዛሬ በግራና በቀኝ የተሰለፉት ሱቆች፣ ሻይ ቤቶችና አልቤርጎዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደዚህ መንገድ አዙረዋል። መንገድ ባለፈበት ሱቅ ይቆማል፤ ሱቅ በቆመበት ሰው ይሰፍራል። የሱቅ ጎዳና በአገራችን እንዴት እንደተወለደ ለማየት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ወደነበረው የአዲስ አበባ አራዳ መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ የተጀመረው የቤት አሠራር ዛሬ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ድረስ ደርሷል።

ከቻይናው መንገድ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ በጋይንት ምድር ሌላ መንገድ መጠረጉንስ ያውቁ ኖሯል? አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል መድፍ አብሮ መጓተት ነበረበት። ሠረገላው እንዲያልፍ ዐለቱ ተፈለጠ፣ ገደሉ ተደለደለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር አብረዋቸው የተጓዙት አውሮፓውያን ጽፈዋል። በጨጨሆ በር አድርገው፣ የዋድላን አምባ ተሻግረው፣ የጅጣንና የበሸሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ጋይንት የበጌምድርና የወሎ መተላለፊያ መሆኗ ከአስፋልቱ ዘመን በፊት የነበረ እውነት ነው።

የአራዳ ገበያ ሲጀመር አንድም ሱቅ አልነበረውም። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሜዳ ላይ የሚውል ገበያ ነበር። እህሉ ለብቻው፣ ማርና ቅቤው ለብቻው፣ በቅሎው ለብቻው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ ለብቻቸው ቦታ ነበራቸው። ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨውም ዕቃም ገንዘብም ሆኖ ይሸጥና ይሸጥበት ነበር። ማታ ሁሉም ጭነቱን ጭኖ ይሄዳል፤ ሜዳው ባዶውን ያድራል። ሱቅ ማለት ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤት ሳይመለስ እዚያው የሚያድርበት ቤት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚቆለፍ በር፣ እሳት የማይበላው ክዳንና የራስ የሆነ መሬት ያስፈልጋል። አራዳ እነዚህን ሦስቱን ያገኘችው በሃያ ዓመት ውስጥ ነው።

መሬቱን እንጀምር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታው ለመኳንንቱ በየሰፈሩ የተመራ ነበር። በ1900 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሕግ ግን በከተማዋ መሬት መያዝን፣ መሸጥንና መግዛትን በሥርዓት አስቀመጠ። ነጋዴ የድንጋይ ቤት የሚሠራው ነገ ተነሥ እንደማይባል ሲያምን ነው። በአራዳ የደርብ ቤቶች የበዙትም ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ክዳኑ። የዚህ ዓምድ ዋና ጉዳይ እሱ ነው።

የአገራችን የደጋ ቤት ክብ ነው፤ ክዳኑ ሣር፣ ጣራው ሾጣጣ። ሣር በፈለጉት አቅጣጫ ይጎነበሳል፣ ይታሰራል፤ ለክብ ቤት የተፈጠረ ነው። ቆርቆሮ ግን ቀጥ ያለ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ አልታጠፍ የሚል ሉህ ነው። በሾጣጣ ጣራ ላይ ቢያነጥፉት ግማሹ በመቀስ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ውኃውም በየመጋጠሚያው ይገባል። ስለዚህ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ቤቱን አራት ማዕዘን ማድረግ ግድ ሆነበት። አራት ማዕዘን ቤት ደግሞ ክብ ቤት የማይችለውን ይችላል፤ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጋጥሞ በሰልፍ ይቆማል። ክብ ቤቶችን ጎን ለጎን ቢደረድሯቸው በመካከላቸው ጉራንጉር ይፈጠራል እንጂ ጎዳና አይወጣም። የሱቅ ረድፍ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ በሮች፣ ደንበኛ ከዝናብ ተጠልሎ ከሱቅ ሱቅ የሚያልፍበት በረንዳ ሁሉ የመጡት ከዚህ ነው። ከነፋስ መውጫ ወጣ ብለው ገጠሩን ሲያዩ ጎጆው ክብ፣ ከተማው ግን ባለ ማዕዘን የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቀው ካወቁ መልሱ አብዛኛው ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

ባቡር ሳይገባ በፊት ያ ቆርቆሮ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይመጣ እንደነበርስ? ቀላልና ተነባብሮ የሚታሰር በመሆኑ ለእንስሳ ጭነት ከጡብም ከሲሚንቶም የተሻለ ነበር። ዕድሜው ረጅም ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ እንደሚታደሰው ሣር አያደክምም፤ ከሁሉም በላይ እሳት አይይዘውም። አንድ ሣር ቤት ሲቃጠል ነፋሱ ነበልባሉን ለጎረቤት በሚያቀብልበት አገር፣ ለነጋዴ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም።

ባሕር ዛፍስ? ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ በማስመጣቱ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። አዲስ አበባ የማገዶና የግንባታ እንጨት ስላለቀባት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ሥራው ሁሉ ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ያዳናት በፍጥነት የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። ለሠራተኛውም ሌላ በረከት አመጣ፦ ወይራ እንደልብ ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ የባሕር ዛፍ አጣና ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ማገር ለቀጥተኛ ግድግዳ፣ ረጅም አግዳሚ ለሰፊ ክፍል ሆነ። ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ተገናኙና የኢትዮጵያ የከተማ ቤት ተወለደ።

እስቲ የዚያን ዘመን አንድ የአራዳ ሱቅ ቤት ጠጋ ብለን እንየው። ምድር ቤቱ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ዕቃው ያለው እዚያ ስለሆነ ሌባም የዝናብ ፍንጣቂም እንዳይደፍረው ወፈር ተደርጎ ተገንብቷል። ሳንቃ በሮቹ ወደ ጎዳናው የሚከፈቱ፣ ከውስጥ በብረት መወርወሪያ የሚዘጉ ናቸው። ላይኛው ደርብ ቀለል ይላል፦ እንጨትና ጭቃ፣ ላዩን በኖራ የተቀባ፤ ባለሱቁና ቤተሰቡ የሚኖሩት እዚያ ነው። ደረጃው ብዙ ጊዜ ከውጭ በኩል ይወጣል፤ ይህም ለሱቁ አንዲት ክንድ ወለል እንዳይባክንበት ነው። ደርቡን የእንጨት በረንዳ ይዞረዋል፤ አንዳንዱ በረንዳ በትንንሽ መስተዋቶች ተዘግቶ እንደ ክፍል ያገለግላል። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ አንድ ሜትር ያህል ወጣ ብሏል። ከዚያ ከክዳኑ ከንፈር ላይ በመጋዝ የተፈለፈለ ሳንቃ እንደ ነጠላ ጥለት ተንጠልጥሏል። ብዙ ሰው ይህን ጌጥ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ የክዳኑ መውጣት ግን ዋና ሥራ አለው። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ዝናብ ነው፤ ከግድግዳው ርቆ የሚንጠባጠብ ክዳን ባይኖር እነዚያ ቤቶች አሥር ክረምት ባልተሻገሩ ነበር። አንዳንዶቹ መቶ ተሻግረዋል።

እነዚህን ቤቶች ማን ሠራቸው? እዚህ ላይ ታሪኩ የብዙ አገር ሰው ታሪክ ይሆናል። ሐጂ ቀዋስ የተባለው ህንዳዊ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ሠርቷል። ሌላው ህንዳዊ ዋሊ መሐመድ በአራዳ ስሙ የሚጠራ ግንበኛ ነበር። ከአርመኖቹ ሚናስ ኸርበኪያን በሰፊው ይታወቃል። ግሪኮች በግንበኝነትና በድንጋይ ጠራቢነት ተሰማርተው ነበር። የጊዮርጊስን ካቴድራል በ1903 ዓ.ም. ያጠናቀቀው መሐንዲስ ሴባስቲያኖ ካስታኛ ደግሞ አድዋ ላይ ተማርኮ ሳይመለስ የቀረ ጣሊያናዊ ነው። የባለሙያዎቹ ስም በመዝገብ ቀርቷል፤ ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ማገሩን ያሰረው ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ስም ግን አልተጻፈም። ይህ ጉድለት ስለ እነዚህ ቤቶች ሲነገር ሁልጊዜ አብሮ መነሣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የጭቃውና የእንጨቱ ጥበብ የዚያ ሰው ነውና።

ለዚህ ማስረጃ ከጋይንት ሩቅ አይሄዱም። ታች ጋይንት ውስጥ የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም አለች። ከውጭ ሲያዩዋት እንደማንኛውም የደጋ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነች። ከክቡ ውስጥ ግን ባለ አራት ማዕዘን፣ በድንጋይና በእንጨት አግዳሚ የተሠራ፣ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ተሸሽጎ ይገኛል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬንሃም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወጣትነቱ አይቷት ለውጭው ዓለም አስተዋወቃት፤ የአካባቢው ካህናትና የድጓ ተማሪዎች ግን መቼም ረስተዋት አያውቁም። ማዕዘን ያለው ቤት፣ ተጠርቦ የተጋጠመ አግዳሚ፣ ተደርድሮ የተሠራ ድንጋይ ለዚህ አገር እጅ እንግዳ አልነበሩም ማለት ነው። ለሱቅ ሲሆን ነው አዲስ የሆኑት።

በአራዳ ትልቅ ከነበሩት የንግድ ቤቶች አንዱ የመሐመድ አሊ ኩባንያ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ህንዳውያኑ ነጋዴዎች መጀመሪያ ሐረር ከከተሙ በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ጨርቅ ያስመጣሉ፤ ቡናና ቆዳ ይልካሉ። ዛሬ ፒያሳ በሚባለው የአራዳ ክፍል የቆመው ሕንፃቸው የዋሊ መሐመድ ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ኩባንያው ከአገር ተባረረ።

ሐረር ላይ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው የሚያምር ደርብ ቤት ውስጥ ባለቅኔው ራምቦ አንድም ቀን እንዳልኖረስ? ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ ያ ቤት ከእርሱ በኋላ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ባለቀለም መስተዋቱን፣ የእንጨት ጥርቡንና ሥዕሉን ያየ ሰው የነጋዴውን ሀብት ነው የሚያየው። ስሙ ግን ለባለቅኔው ሆነ።

የአራዳን መካነ ንግድ የሚያስተዳድረው፣ ቀረጡን የሚሰበስበው፣ ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ የሚዳኘው ነጋድራስ ነበር። ከሁሉም ስማቸው የገነነው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ለእርሳቸው ተሰጠ። የመኖሪያ ቤታቸው በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሆኗል። የነጋዴዎች አለቃ ቤት የከተማው ቤት መሆኑ ከተማዋ ምን እንደነበረች ጥሩ አድርጎ ይናገራል።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም፣ የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበሩ። ሁለቱም በየተራቸው፣ በዚያው ጉምሩክ።

እቴጌ ሆቴልን ማንሣት ግድ ነው። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት፣ በ1900 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባለ ደርብ ቤት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ነው። እንግዳን በነፃ ማብላት ክብር በሆነበት አገር ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር ይመስል ነበርና መጀመሪያ ላይ ሰው እንዳልደፈረ፣ አፄ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው ሒሳብ በመክፈል እንዳስለመዱ ይነገራል። የእንጨት ደረጃው፣ ሰፊው በረንዳው፣ ከፍ ያለው ጣራው ያንን ዘመን ይዘው ቆይተዋል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ጉዳት አድርሶበት፣ በውስጡ የነበረውን ጃዛምባ የሙዚቃ ቤት ወሰደው። አሮጌ እንጨት በእሳት ፊት ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሆነ የዚያን ቀን ተመለከትን። ሆቴሉ ግን ዛሬም እንግዳ ይቀበላል።

የአራዳ ነጋዴ ይገበያይበት የነበረው ማርያ ቴሬዛ ብር ስንት ይመዝን ነበር? አንዱ 28 ግራም። ሁሉም ላይ የታተመው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ለዘመናት ሲመታ ይኸው ቁጥር አልተለወጠም። እንግዲህ ያስሉት፦ 1,000 ብር ይዞ የሚሄድ ነጋዴ 28 ኪሎ ብረት ተሸክሟል። 3,000 ብር ከሆነ 84 ኪሎ፤ ያ ለአንዲት በቅሎ በቂ ጭነት ነው፤ ከጨጨሆ ቁልቁለት ጋር ደግሞ ከበቂም በላይ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1897 ዓ.ም. ሲቋቋም የነጋዴው ችግር ይህ ነበር። ባንኩ በካይሮ ከነበረው የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ፣ በ500,000 ፓውንድ ካፒታልና በ50 ዓመት ውል የተመሠረተ ነው። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው ቫውዴቶ ሲሆን የተመረቀው በ1902 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ባንኩ እስከ 500 ብር የሚደርሱ የወረቀት ኖቶች አወጣ። አንድ ወረቀት 14 ኪሎ ብር ተካ። ሕዝቡ ግን ወረቀቱን በቀላሉ አላመነም፤ ብሩን በእጁ መዝኖ፣ በጆሮው አስደውሎ መቀበል የለመደ ነው። መንግሥት ባንኩን እ.ኤ.አ. በ1931 ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው።

ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ሐዲዱ አልወጣላትም፤ በእግሯ ሥር፣ በረሃው ጫፍ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ፈረንሳዮቹ በቀጥተኛ ጎዳናና በዛፍ ጥላ ያቀዱት ከዚራ፣ ከወንዙ ማዶ በገበያው ዙሪያ ያደገው መጋላ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ንግድ። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ 1909 ዓ.ም. ሆነ። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ፣ የብረት አግዳሚና ትልልቅ መስተዋት እንደ ልብ መጡ፤ የአራዳም ቤቶች ገጽታ ከእንጨት ወደ ግንብ ያዘነብል ጀመር። በፈረንሳዊው ፖል ባሪያ የተነደፈው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ራሱ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ1922 ዓ.ም. ነው።

ፈጠን ፈጠን እንበል። አርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል፤ የዚያን ጊዜ መኳንንት ፊት ዛሬ የምናየው በእነርሱ ነው። የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ተባለ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ለቦታው ቀርቷል። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባዎች የከተማዋ የማርሽ ባንድ ሆነዋል። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያየችው እቴጌ ሆቴል ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የሱቆቹ ደጃፍ የተሰናዳው ግን ለበቅሎ ማሰሪያ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ምን ይሠራ ነበር? ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመረቀው የዉልዎርዝ ሕንፃ 241 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ባለቤቱም በርካሽ ዕቃ መሸጫ ሱቆች የከበረ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለውን ከፍታ ያስቻሉት የብረት አጽምና አሳንሰር ናቸው። የአራዳ ነጋዴ ሁለቱም አልነበሩትም፤ በድንጋይ፣ በጭቃና በአጣና ሁለት ደርብ አወጣ። ቁመቱ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ሌላ ሥራ ወይም ኑሮ፣ ፊቱ ለጎዳናው።

አራዳ ሙሉ በሙሉ ለምን አልደረሰችልንም? አንዱ መልስ በአራት ቀን ውስጥ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ጣሊያን የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከሉ ከተማዋ ያለ ጠባቂ ቀርታ ሱቆቿ ተዘረፉ፣ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። ከሠላሳ ዓመት ንግድ የተጠራቀመ ዕቃ፣ የሒሳብ መዝገብና የእንጨት ደርብ በእሳት ሄደ።

ሁለተኛው መልስ ዕቅድ ነው። ወራሪው ነጭና ጥቁርን ለመለየት ሲል የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረ፤ የዛሬው መርካቶ የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1936 ለአዲስ አበባ የንድፍ ሐሳብ አዘጋጅቶ ለሙሶሊኒ መንግሥት ማቅረቡን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በዚያ ንድፍ ውስጥ ነባሯ ከተማ ቦታ አልነበራትም። ደግነቱ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከጋይንት ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ፒያሳ ላይ የሚያገኛቸው ጥጋቸው የተጠጋጋ የፖስታ ቤቱና የሲኒማ ቤቱ ሕንፃዎችም የአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ሥራ ናቸው። የጎንደርን ዕቅድ ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ ነው። አስመራ ደግሞ በዚያው ዘመን ክንፉ በየጎኑ 15 ሜትር ያለ ምሰሶ የተዘረጋ ነዳጅ ማደያ፣ ፊያት ታግሊዬሮን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሠራች፤ ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነች። የወራሪ ሥራ መሆኑ አይረሳም፤ ሲሚንቶውን የደባለቀው ግን የአገር ሰው እጅ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ አካባቢ በርካታ ነባር ቤቶች ፈረሱ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የአድዋ ድል መታሰቢያ በአራዳ እምብርት ተመርቋል። አዲስ መንገድና መጸዳጃ ያለው ቤት ለነዋሪው ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ ቤቶች ሳይለኩ፣ ሳይነደፉ፣ በውስጣቸው ማን ምን ይሸጥ እንደነበር ሳይጻፍ መሄዳቸው ነው። የእንጨት በረንዳ አንዴ ከተነቀለ ማገዶ ይሆናል፤ ከማገዶ ወደ በረንዳ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የራሷ አሮጌ ሱቆች አሏት። ብሎኬትና መስተዋት እየመጣ ስለሆነ ቶሎ ቢታዩ መልካም ነው። ምን ይታይ ቢሉ፦ ሳንቃ በሩ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የሚከፈተው? ማጠፊያው ፋብሪካ የሠራው ነው ወይስ የአገር አንጥረኛ? ማገሩ በምስማር ነው ወይስ በልጥ የታሰረ? በልጥ ከሆነ ቤቱ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ምስማር እንደ ልብ ሳይገኝ የተሠራ ነውና። ክዳኑ ከግድግዳው ስንት ክንድ ወጥቷል? ከሱቁ ጀርባ ያለው ጓሮ የበቅሎ ማሰሪያ ነበረው? አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ ቻይናዎቹ ሳይመጡ በፊት ገበያው የት ይውል እንደነበር፣ አሞሌ የሚሸጠው በየት በኩል እንደነበር ያስታውሳሉ። ታች ጋይንት ያለችው አርብ ገበያም ብትሆን ዛሬ የወረዳ ከተማ የሆነችው ከገበያ ተነሥታ ነው፤ ወገዳና መካነ ኢየሱስም የየራሳቸው የሱቅ ረድፍ አላቸው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ የያዘው ቤት እንኳ ቅርስ ሆኖ ሊመዘገብ እንደሚችል፣ የተመዘገበም ቤት ያለ ፈቃድ እንዳይፈርስና ቅርጹ እንዳይለወጥ እንደሚደነግግ ያውቁ ኖሯል? ለመጀመር የባለቤቱ ፈቃድ፣ ቁመትና ወርድ የሚለካ ሜትር፣ አራት ጎኑን የሚያሳይ ፎቶግራፍና ቤቱን ማን መቼ እንዳሠራው የሚናገር አንድ ሽማግሌ ይበቃሉ፤ ወረቀቱን ይዘው የሚሄዱት ወደ ወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው።